የጅብ አፋፉ መስታወት

መካነ ሰላም የገባሁት በጭነት መኪና ላይ፣ በሁለት የጨው ጆንያና በአንዲት ባለጌ ፍየል መካከል ተቀምጬ ነው። ከደሴ ስንነሣ ጎረምሳ ነበርኩ፤ አቀስታ ላይ ብርዱ ጢሜን አበቀለው፤ መካነ ሰላም ስደርስ ለጡረታ የቀረኝ ሁለት ዓመት ብቻ ነበር። ትንሽ አጋንኛለሁ። ማጋነኔን ከመጀመሪያው የምናዘዝላችሁ ወድጄ አይደለም፤ የዚህ ታሪክ ጥፋት እሱ ስለሆነ ነው።

ጊዜው መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። በኪሴ የምደባ ደብዳቤ ነበረኝ፤ «ረዳት ቴክኒሺያን አበጋዝ» ይላል። ደሴ ላይ ለጓደኞቼ «ኃላፊ ሆኜ ልሄድ ነው» ብዬ ስለነበር ደብዳቤውን ለማንም አላሳየሁም። የስልክ መሥሪያ ቤታችን የማይክሮዌቭ ጣቢያ ያለው ከከተማው በላይ፣ ተራራው ራስ ላይ ነው። ሻንጣዬን ተሸክሜ አቀበቱን ስጨርስ ልቤ በአፌ ልትወጣ ምንም አልቀራት።

በረንዳው ላይ አንድ ቀጭን፣ ግራጫ ሹራብ የለበሱ ሰው ምድጃ ላይ መጥበሻ ጥደው ያማስላሉ። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። ሰላምታዬን ሳልጨርስ እጄን ወደ መጥበሻው ሰደድኩ።

«እጅህን! ቆሎ አይደለም!» አሉኝ።

ቆሎ አልነበረም። ሞገድ የሚያልፍበትን የመዳብ ቱቦ ከእርጥበት የሚጠብቅ የማድረቂያ ጠጠር ነው። ውኃ ሲጠጣ ሮዝ ይሆናል፤ ሲደርቅ ሰማያዊ። አዲስ ጠጠር ከመጋዘን ከተጠየቀ ዓመት አልፎታል፤ አልመጣም። ስለዚህ ሰውየው ያረጀውን እየቆሉ መልሰው ያስጾሙታል። ጋሽ ሙሄን የተዋወቅኳቸው እንዲህ ነው፤ የጣቢያው ከፍተኛ ቴክኒሺያን ናቸው።

ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ ወደ መሣሪያው ክፍል አስገቡኝና የሚደርሰውን ሞገድ ጉልበት በቮልት የሚያሳየውን ቴስተር ከሬዲዮው ጋር አገናኙ። «ይህን አንብብልኝ።»

«ሁለት ቮልት ገደማ።»

«ገደማ የሚባል ቁጥር የት ትምህርት ቤት ነው ያስተማሩህ?»

ጠጋ ብዬ አየሁ። «አንድ ነጥብ ዘጠኝ።»

«ታዲያ ለምን ሁለት አልከኝ?»

«እንግዳ ነኝና ባዶ እጄን እንዳልመጣ ብዬ ነው ጋሼ።»

አልሳቁም። እስክሪብቶና የጣቢያውን መዝገብ ሰጡኝ። «ያየኸውን ጻፍ። ሌላ ሕግ የለኝም» አሉ።

ጋሽ ሙሄ የዚሁ የወሎ ቦረና ልጅ ናቸው። በቀድሞው መንግሥት ወታደር ቤት የሬዲዮ ሠራተኛ ነበሩ። ሠራዊቱ ሲበተን ሌላው ጠመንጃውን፣ ሌላው ነፍሱን ይዞ ሲመጣ፣ እሳቸው አንድ ካቻቪቴና አንድ የመበየጃ ብረት ይዘው በእግራቸው ቦረና ገቡ። ዲግሪ የላቸውም። ያልተማሩትን ግን ይሠሩታል። ጄኔሬተሩ ሲቆም ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ደወል ከብስክሌት ቃጭል ሠርተዋል። ሞገዱን የሚተፋው የዲሹ አፍ በበረዶ ሲሰበር፣ ከአዲስ አበባ መለዋወጫ እስኪመጣ ድረስ ጣቢያው አራት ወር የሠራው በዱቄት ወተት ጣሳ ነው። ጣሳውን በሚሊሜትር ለክተው፣ በሞረድ አስተካክለው የገጠሙት እሳቸው ናቸው። እኔ ለከተማው ሰው «ዱቄቱ ገና ውስጡ ነበር» ብዬ አውርቻለሁ፤ እሱ ውሸት ነው።

ሥራችንን ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር። ማይክሮዌቭ የሰውን ድምፅ አሳፍሮ ከዲሽ ወደ ዲሽ በአየር የሚሄድ ሞገድ ነው። ኩሩ ነው። ጎንበስ አይልም፣ ዞር ብሎ አያልፍም። ሁለቱ ዲሾች እርስ በርስ ካልተያዩ ስልክ የለም። መካነ ሰላም ከአቀስታ ጋር ይተያያል። ከእኛ ተራራ በስተምዕራብ፣ ወደ ዓባይ ቁልቁል የምትገኘው ሰኞ ገበያ የምትባል ትንሽ ከተማ ግን አታየንም። በመካከላችን ጅብ አፋፍ የሚባል ገደል እንደ ተዘጋ በር ቆሟል።

የሰኞ ገበያ ሴት ልጅ ግማሿ ዓረብ አገር ናት። እናቶች የልጆቻቸውን ድምፅ ለመስማት አምስት ሰዓት አቀበት ወጥተው መካነ ሰላም ስልክ ቤት ይመጣሉ። ልጅቷ ቀጠሮዋን በተመላሽ ሰው ትልካለች፤ «ሐሙስ በዘጠኝ ሰዓት» ትላለች። ዘጠኝ ሰዓት የሚሆነው በምክንያት ነው፤ እዚያ አገር አሠሪዎቹ ምሳ በልተው የሚተኙት ያን ጊዜ ነው። እነሱ ሲተኙ ነው የቤት ሠራተኛ ስልክ የምታነሣው።

አንድ ሐሙስ እትዬ ዘምዘም የሚባሉ እናት ወንዝ ሞልቶባቸው ግማሽ ሰዓት ዘግይተው ደረሱ። ልጃቸው ሰዓዳ ከጅዳ ደውላ፣ ደውላ፣ ዘግታለች። እትዬ ዘምዘም የዝምተኛውን ስልክ መነጋገሪያ በሁለት እጃቸው ይዘው ቁጭ አሉ። አላለቀሱም። «እስቲ ጆሮዬን ልስጠው፤ ድምፅዋ ትንሽ ተርፎ ይሆናል» አሉ። ጋሽ ሙሄና እኔ ለባትሪ ውኃ ልንወስድ ወርደን ነበርና ይህን ሰማን። 

ከዚያ በኋላ በአንድ ቀትር ነው። ከታች ከተማው ውስጥ አንድ ነጋዴ ቤቱን አዲስ ቆርቆሮ አልብሷል። የጣሪያው ነጸብራቅ በመስኮት ገብቶ የመሣሪያ ክፍላችን ግድግዳ ላይ ይንቀጠቀጣል። ጋሽ ሙሄ መዳፋቸውን ብርሃኑ ላይ ዘረጉ።

«አበጋዝ፣ ፀሐይዋ ወዴት ናት?»

«ከላያችን።»

«ብርሃኑስ በየት መጣ?»

«ከታች፣ ከጣሪያው።»

«ዞሮ መጣ ማለት ነው» አሉ። «ብርሃን ከዞረ ሞገድም ይዞራል። ወንድማማች ናቸው።»

ሐሳቡ ይኸው ነው። ጅብ አፋፍ ላይ ትልቅ የብረት መስታወት ማቆም። ኤሌክትሪክ አይፈልግ፣ ናፍጣ አይጠጣ፣ ደሞዝ አይጠይቅ። ከተራራችን የተላከው ሞገድ እሱ ላይ ተጋጭቶ ወደ ሰኞ ገበያ ይታጠፋል። በሌላው ዓለም ከሳቸው በፊት የሠሩት እንዳሉ ከዓመታት በኋላ መጽሐፍ ላይ አንብቤ ነገርኳቸው። «እነሱ ጅብ አፋፍን አያውቁትም» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ደሴ ያሉትን የዲስትሪክት ኃላፊ በሥራ ስልክ አነጋገሯቸው። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ።

«ሙሄ፣ ቆርቆሮ ሰቅዬ ስልክ ላስገባ ነው የምትለኝ?»

«ላሜራ ነው ጌታዬ።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«ቆርቆሮ ይታጠፋል፤ ላሜራ ለጥ ይላል።»

 ኃላፊው በመጨረሻ የሠላሳ ቀን ሙከራ ፈቀዱ። በቀን አራት ጊዜ ንባብ ይመዘገባል፤ ጠዋት፣ ቀትር፣ ዘጠኝ ሰዓትና ማታ። በሠላሳኛው ቀን ከዋናው መሥሪያ ቤት ኢንጂነር መጥቶ ያያል። ከጸደቀ ሰኞ ገበያ የስልክ ጣቢያ ይከፈትላታል። ካልጸደቀ፣ «አንተው ታፈርሰዋለህ፤ ከመጋዘን ያወጣኸውንም ዕቃ በስምህ ትጠየቅበታለህ» አሏቸው።

ላሜራዎቹን ከተማው ውስጥ በሚገኝ ብየዳ ቤት በአንግል ብረት ፍሬም ላይ ገጣጥመን፣ በበቅሎና በሰው ትከሻ አወጣናቸው። ቁመቱ የሦስት ሰው ቁመት ነው። ጋሽ ሙሄ ጠፍጣፋነቱን በሲባጎ ለኩ፤ በሲባጎውና በላሜራው መካከል ጥፍር ከገባ ቡሎኑ ይፈታል፣ እንደገና ይጠብቃል። ስንጨርስ ቡሎኖቹን ሁሉ እኔ ዙሪያውን ጠምዝዤ አጠበቅኳቸው፤ ከዚያ በላይ ቢጠብቁ ተራራው ይጮህ ነበር። የአካባቢው ጅቦች በማግሥቱ መልካቸውን አይተው ዓባይን ተሻግረው ጎጃም ገቡ ይባላል። ያለው እኔ ነኝ።

ለማስተካከል ጋሽ ሙሄ የባለቤታቸውን የፊት መስታወት ላሜራው መሐል ላይ ለጠፉ። እኔ ሰኞ ገበያ ሆኜ በሩቅ ማያ መነጽር አያለሁ። መስታወቱ ውስጥ የተራራችን ታወር እስኪታየኝ ድረስ ቀይ ጨርቅ ሳውለበልብ ወደ ቀኝ፣ ነጭ ሳውለበልብ ወደ ግራ ያዞራሉ። ሁለት ቀን ፈጀ። በሦስተኛው ቀን ታወሩ እንደ መርፌ ቆሞ ታየኝ። ሁለቱንም ጨርቅ አንድ ላይ አውለበለብኩ።

ሰኞ ገበያ ላይ ቀበሌው በሰጠን የጭቃ ቤት ከመጋዘን የወጣ አሮጌ ሬዲዮ ከነዲሹ ተተከለ። እኔ ለሠላሳ ቀን እዚያ ተመደብኩ፤ ጋሽ ሙሄ ተራራው ላይ። የሥራ ስልኩን አነሣሁ።

«ሃሎ?»

«አበጋዝ» አሉ፤ ድምፃቸው አጠገቤ የተቀመጡ ይመስል ጠርቶ መጣ። «ስንት ይላል?»

«ሁለት ነጥብ ዜሮ።»

«ሁለቴ አንብብ።»

«ሁለት ነጥብ ዜሮ፤ ሁለት ነጥብ ዜሮ።»

«አልሐምዱሊላህ።»

የዚያኑ ቀን በዘጠኝ ሰዓት የቴስተሩ ቀስት አንድ ነጥብ ሁለት ላይ ነበር።

ከአንድ ቮልት በታች ከወረደ የሰው ድምፅ የበቆሎ መጥበሻ ድምፅ ይሆናል። አንድ ነጥብ ሁለት ገደል ጫፍ ላይ መቆም ማለት ነው። የእኔ አሠራር እንዲህ ነበር፤ ንባቡን መጀመሪያ በከሰል ግድግዳው ላይ እጽፋለሁ፣ ማታ እጄን ታጥቤ በእስክሪብቶ መዝገቡ ላይ እገለብጠዋለሁ። መዝገቡ ለኢንጂነር የሚቀርብ ስለሆነ እንዲያምር ፈልጌ ነው። ያን ማታ አንድ ነጥብ ሁለት ላይ ስደርስ እስክሪብቶው ቆመ። ጋሽ ሙሄ «በስምህ ትጠየቅበታለህ» መባላቸው ትዝ አለኝ። «ነፋስ ይሆናል፤ ነገ ይስተካከላል» አልኩና ሁለት ነጥብ ዜሮ ጻፍኩ።

በማግሥቱ በዘጠኝ ሰዓት አንድ ነጥብ አንድ ሆነ። ሁለት ነጥብ አንድ አልኩት። ውሸት ብቻውን ማደር አይወድም፤ ወንድም ይፈልጋል። ወሩ ሲጋመስ ንባቡ ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ ወርዶ፣ እኔ መዝገቡ ላይ ሁለት ነጥብ ስድስት ደርሼ ነበር። ወጥ ውስጥ ጨው እንደሚጨምር ሰው እጄ ለመደ።

ጋሽ ሙሄ አንዳንዴ ከቀትር በኋላ ይደውላሉ። «ድምፅህ ይንሾካሾካል፤ ምን ሆነ?»

«ነፋስ ነው ጋሼ።»

«መዝገቡ ስንት ይላል?»

አነበብኩላቸው። «ይህን ያህል ዘመን ስሠራ እንዲህ ያለ ንጹሕ ቁጥር አይቼ አላውቅም» አሉ። በጣም ደስ ብሏቸው ነበር። 

እትዬ ዘምዘም ምርኩዛቸውን ይዘው በየሁለት ቀኑ ብቅ ይላሉ። ከዚያ ሐሙስ ወዲህ ጉልበታቸው አቀበት አልወጣ ብሏቸዋል። «አበጋዝ ልጄ፣ ብረቱ እንዴት አደረ?»

«ደህና አድሯል እትዬ፤ ለእርስዎም ሰላም ብሏል።»

«ቀልደኛ! እናትህ ስትወልድህ እየሳቅህ ነው የወጣኸው?»

«የለም እትዬ፤ አዋላጇን ነው ያሳቅኳት።»

አንድ ቀን ግን ሳይቀልዱ መጡ። ከጅዳ የተመለሰች የጎረቤት ልጅ ከሰዓዳ መልእክት አምጥታለች። ሰዓዳ ከዚያ ቤት ወደ ሌላ ከተማ፣ ወደ ሌላ አሠሪ ልትዛወር ነው። ከመሄዷ በፊት በመጪው ሐሙስ በዘጠኝ ሰዓት መካነ ሰላም ትደውላለች። የአዲሱን ቤት ስልክ ቁጥር የምትናገረው ያን ጊዜ ነው። ያ ካለፈ ግን የት እንዳለች የሚያውቅ አይኖርም።

«መካነ ሰላም መውጣት አልችልም» አሉ። «በብረቱ በኩል እዚህ ይሰማል?»

ሐሙሱ ሠላሳኛው ቀን ነው። ሰዓቱ ደግሞ ቀስቱ የሚወድቅበት ሰዓት።

«እንኳን ጅዳ፣ ጨረቃ ላይ ብትቀጠር ይሰማል!» አልኩ።

«ወላሂ በል።»

«ወላሂ።»

ክርስቲያን ነኝ፤ በእኛ አገር ወላሂ የሁላችንም ነው፤ ቅጣቱም የሁላችን ሳይሆን አይቀርም። እትዬ ዘምዘም፣ «አላህ ያክብርህ» ብለው መርቀውኝ ሄዱ።   ለጋሽ ሙሄ ልነግራቸው ሦስት ጊዜ መነጋገሪያውን አንሥቼ ሦስቴም ስለ ዝናብ አውርቼ ዘጋሁ።

ኢንጂነሩ አንድ ቀን ቀድሞ ረቡዕ መጣ። ዳዊት ይባላል፤ ወጣት ነው፣ መነጽሩ ንጹሕ ነው፣ ጫማው ግን በጭቃው ምክንያት ሁለት ኪሎ ጨምሯል። ጋሽ ሙሄ ጅብ አፋፍን አሳይተው ቁልቁል ይዘውት ወረዱ። ኢንጂነሩ መስታወቱን እያደነቀ ነበር የገባው። «ይህን ያለ ወርክሾፕ መሥራትዎ ይገርማል አባባ» ይላል። ጋሽ ሙሄ ሲያፍሩ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ መዝገቡን ጠየቀ።

ቆሞ አነበበ። ተቀምጦ አነበበ። ካልኩሌተር አወጣ።

«አቶ አበጋዝ፣ ይህን አንተ ነህ የጻፍከው?»

«አዎ።»

«ሁለት ነጥብ ስድስት?»

«ጥሩ ቀን ነበር።»

«ጥሩ ቀን!» ካልኩሌተሩን አዞረልኝ። «በዚህ ርቀት፣ በዚህ ዲሽ፣ በዚህ ላሜራ፣ ሁሉም ነገር ፍጹም ቢሆን ከሁለት ነጥብ ሁለት አያልፍም። ሁለት ነጥብ ስድስት እንዲመጣ ተራራው መቅረብ አለበት።»

ወሎ ውስጥ እንግዳ ሲመጣ ተራራውም ጠጋ ይላል የሚል መልስ ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር። በሕይወቴ ከዋጥኳቸው ጥቂት ቀልዶች አንዱ እሱ ነው።

ኢንጂነሩ መዝገቡን ዘጋ። «ወይ መሣሪያው ውሸታም ነው፣ ወይ ጸሐፊው። በሁለቱም በኩል እኔ ፊርማዬን አላኖርም። አዝናለሁ አባባ። ነገ ጠዋት ይፍረስ።»

ጋሽ ሙሄ ወደ እኔ ዞሩ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ገደማ ነው የጻፍክልኝ?» አሉ።

«ከገደማም ይብሳል ጋሼ። ከቀትር በኋላ ይወርዳል። ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ ደርሷል። እርስዎ እንዳይጠየቁ ብዬ፣ እትዬም ቃል ስለገባሁላቸው…» ቀጥሎ ምን እንዳልኩ አላስታውስም። ማልቀሴን ግን የሰኞ ገበያ ሰው ሁሉ ያስታውሳል፤ አንዳንዶቹ እኔ ከተናገርኩት በላይ አጋንነውታል።

«እውነተኛው ቁጥር የት አለ?»

«ግድግዳው ላይ።»

ብርሃን እንዲገባ በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት። ግድግዳው ከዳር እስከ ዳር የከሰል ቁጥር ነው፤ የሃያ ዘጠኝ ቀን፣ በቀን አራት ንባብ። እኔ ለካ መሣሪያውን ልዋሸው አልቻልኩም፤ ዋሽቼ የነበረው ሰዎቹን ነው። ጋሽ ሙሄ እንደ ፊደል ተማሪ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። ጠዋት ሁለት። ቀትር አንድ ነጥብ ዘጠኝ። ዘጠኝ ሰዓት አንድ ነጥብ አንድ። ማታ ሁለት። ጠዋት ሁለት። ዘጠኝ ሰዓት አንድ። ማታ ሁለት። ጣታቸው አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

«ይህ ቀን በዘጠኝ ሰዓት ሁለት ይላል። ያየኸው ነው?»

«ያየሁት ነው።»

«ምን ቀን ነበር?»

አሰብኩ። «ዝናብ ነበር። ቀኑን ሙሉ።»

ሌላ ቦታ ጠቆሙ፤ እዚያም በዘጠኝ ሰዓት ሁለት ነው። «ይሄስ?»

«ደመና ነበር ጋሼ። ልብስ አጥቤ አልደረቀልኝም።»

ጋሽ ሙሄ ወደ ኢንጂነሩ ዞሩ። «ፀሐይ ናት» አሉ። «ከሰዓት በኋላ ፊት ለፊት ትመታዋለች። ላሜራው ሲሞቅ ይረዝማል። ዙሪያውን በቡሎን ጠፍንገን ስለያዝነው መሄጃ አጥቶ ሆዱን ይነፋል። ሆዱ የተነፋ መስታወት ደግሞ ፊት አያሳይም።»

ኢንጂነሩ ተነሥቶ ግድግዳውን ራሱ አነበበው። ሲጨርስ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። «ምን ያህል ጊዜ ይፈልጋሉ?»

«እስከ ነገ ዘጠኝ ሰዓት።»

«ዘጠኝ ተኩል ላይ እወስናለሁ» አለ።

ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ ጅብ አፋፍ ላይ ነበርን። ዘዴው ቀላል ነው፣ ሥራው ግን ያደክማል። መሐሉ ላይ ያሉት ቡሎኖች እንደጠበቁ ይቀራሉ፤ የጠርዙ ቡሎኖች ተፈትተው፣ ክብ ቀዳዳቸው በሞረድ ወደ ጎን ሞላላ ይሆናል፤ ከዚያ የቡሎኑ ማሰሪያ ዳዶ ላሜራው እንዲንሸራተት ላላ ተደርጎ ይታሰራል። ብረቱ ሲሞቅ ወደ ጎን ይሄዳል እንጂ ሆዱን አይነፋም። ጋሽ ሙሄ ከላይ፣ እኔ ከታች ሞረድን። ቆዳዬ ተልጦ የሞረዱ እጀታ በደም አዳለጠኝ፤ ይህ ማጋነን አይደለም፤ ጠባሳው አሁንም አለ። ፀሐይዋ ከራሳችን በላይ ስትደርስ አራት ቀዳዳ ቀርቶ ነበር።

«አንተ ውረድ» አሉኝ። «የቀረውን እኔ እጨርሳለሁ። ቀስቱን ራስህ እንድታነብ እፈልጋለሁ።»

«ጋሼ፣ ኢንጂነሩ ያንብበው። እኔ አላምንም ራሴን።»

«ለዚያ ነው አንተ የምታነበው።»

ቁልቁለቱን በሩጫ ወረድኩ። እትዬ ዘምዘም በበቅሎ መጥተው በሩ ላይ ተቀምጠዋል፤ ነጠላቸውን አገልድመው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። ስለ መዝገቡ የነገራቸው የለም። «ምነው ልጄ፣ ጅብ ነው ያባረረህ?» አሉኝ። «ጅቦቹ ጎጃም ናቸው እትዬ» አልኩና ወደ ቴስተሩ ገባሁ።

ስምንት ሰዓት ተኩል። ኢንጂነሩ ቴስተሩን ፊት ለፊቱ አስቀምጧል። «አንብብ» አለኝ።

«ሁለት ነጥብ ዜሮ። ሁለት ነጥብ ዜሮ።»

ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ሲሆን፣ «አንድ ነጥብ ዘጠኝ» አልኩ። ልክ ዘጠኝ ሲል፣ «አንድ ነጥብ ስምንት።» ውጭ ፀሐይዋ ጅብ አፋፍን ፊት ለፊት ይዛዋለች። ላሜራው ከሩቅ ነጭ ሆኖ ይነድዳል።  «አንድ ነጥብ ሰባት» አልኩ። ኢንጂነሩ ሰዓቱን አየ። አንድ ነጥብ ሰባት። አምስት ደቂቃ። አንድ ነጥብ ሰባት። አሥር ደቂቃ። ቀስቱ እዚያው እንደ ደከመ አህያ ቆመ፤ አልወረደም።

በዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ስልኩ ጮኸ። የመካነ ሰላም ኦፕሬተር፣ «ጅዳ ናት፤ ላገናኝ?» አለች። መነጋገሪያውን ለእትዬ ዘምዘም ሰጠኋቸው።

«ሰዓዳ? … አትጩሂ፤ እሰማሻለሁ። ወላሂ እሰማሻለሁ። ምሳ በላሽ? … እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ? ጉልበቴ ምን ሆነ፤ ማን ነገረሽ? … ሰዎቹ ተኝተዋል? ቀስ በይ እንግዲህ።» ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ። «ቁጥሩን ልትናገር ነው፤ እኔ አልጽፍም!» ብለው መነጋገሪያውን ወደ እኔ ገፉት።

የሰዓዳ ድምፅ ቀጭንና ፈጣን ነበር። «ወንድሜ፣ ቶሎ ጻፍልኝ፤ እየተነሡ ነው።» ከሰሌን አንሥቼ ግድግዳው ላይ ጻፍኩ። አንድ አኃዝ፣ ሌላ አኃዝ። በሕይወቴ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም። አንዱን ከፍ፣ አንዱን ዝቅ ባደርግ ልጅቷ ትጠፋለች። መልሼ አነበብኩላት። «ልክ ነው» አለች። ሁለተኛ አነበብኩላት። «ልክ ነው፣ ልክ ነው፤ እማዬን ስጠኝ» አለች፤ ስሰጣቸው ግን መስመሩ ተዘግቶ ነበር። እትዬ ዘምዘም ግድግዳውን ዳሰሱ። «እዚህ ውስጥ ናት?» አሉ። «እዚህ ናት እትዬ» አልኳቸው። ከጭቃ ቤቱ ስንወጣ የተጻፈበትን ጭቃ ሳይሰበር ልጠው ለመውሰድ የከጀሉ ሴት ናቸው፤ በወረቀት ሦስት ቅጂ ከሰጠኋቸው በኋላ ነው የተውት።

ኢንጂነሩ ዘጠኝ ተኩል ላይ ፈረመ። ለእኔ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈ፤ እስከ ዛሬ ፋይሌ ውስጥ አለ፣ የሚገባኝም ነው። ሰኞ ገበያ የስልክ ጣቢያ ተከፈተላት። መስታወቱ የሞባይል ታወር እስኪመጣ ድረስ ለዓመታት ሠራ። ሲወርድ ላሜራው ተከፋፈለ፤ አንዱ አሁን የእትዬ ዘምዘም የግቢ በር ነው። ሰዓዳ ተመልሳ ስትመጣ በሱ ገብታለች።

በመሥሪያ ቤታችን ሪፖርት ላይ የጋሽ ሙሄ ሥራ «ጊዜያዊ የብረት ድጋፍ» ተብሎ ነው የተጻፈው። ስማቸው የለም። ጡረታ በወጡ ጊዜ ሪፖርቱን አሳይቻቸው ተናድጄ ነበር። «ብረት መሆኑ እውነት ነው» አሉ። «ጊዜያዊ መሆኑም እውነት ነው። ያየውን ጽፏል፤ ተወው።»

እኔ ዛሬም ያችን የጭነት መኪናውን ፍየል ሳወራ ሁለት ቀንድ እጨምርላታለሁ። ለአዲስ ገቢ ቴክኒሺያን ግን ቴስተሩን ሰጥቼ ይህን ብቻ እነግረዋለሁ፤ ከፍ ያለ ቁጥር አለቃን ያስደስታል፤ ብልሽቱ የት እንዳለ የሚነግርህ ዝቅ ያለው ነው። ያየኸውን ጻፍ።